ካርቲዬ ብሬሶን እና ሦስቱ ልጆች

አንደኛ ዓመት ሳለን የፎቶግራፍ የቤት ሥራ ተሰጥቶን፣ ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቄ የዶርም ጓደኛዬን በኩሬ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ አስዘለልኩት። የፈለግሁት መጽሐፍ ላይ ያየሁትን የካርቲዬ ብሬሶንን ፎቶ ነበር። ያገኘሁት ግን የራሰ ጫማና የተናደደ ጓደኛ ነው። ፎቶዎቹ ያን ያህል አይከፉም፤ ችግሩ የኔ አለመሆናቸው ነው። ሰውዬው ራሱ ከማን ተማረ የሚለውን ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ኦንሪ ካርቲዬ ብሬሶን እ.ኤ.አ. በ1908 ፓሪስ አቅራቢያ ተወለደ። ቤተሰቡ በክር ፋብሪካ የበለጸገ ነበር፤ አባቱም ልጄ ሥራውን ይረከበኛል ብሎ ይጠብቅ ነበር። ልጁ ግን ሥዕል ወደደ። በ1927 አንድሬ ሎት የተባለ ሠዓሊ ዘንድ ገባ። ሎት ሁሉን ነገር በመስመርና በቅርጽ የሚለካ፣ ሕግ የሚያበዛ መምህር ነበር። ተማሪው ሕጉ አስመርሮት ወጣ፤ የመስመሩ ትምህርት ግን ከዓይኑ አልወጣም። (ስለዚህ የቅንብር ኮርሱን ቶሎ ባናማው ሳይሻል አይቀርም።)

ከዚያ ወደ ኮትዲቯር ሄደ። እያደነ ሲኖር በጠና ታሞ፣ ከሞት ተርፎ ተመለሰ። ፈረንሳይ ከተመለሰ በኋላ ነው እንግዲህ አንዲት ፎቶ ያየው። ያነሳት የሀንጋሪው ተወላጅ ማርቲን ሙንካቺ ነው። ሦስት አፍሪካውያን ልጆች ራቁታቸውን ወደ ውሃ ሲሮጡ ከጀርባ ይታያሉ፤ አረፋው ነጭ፣ ገላቸው ጥቁር። ፎቶግራፍ እንዲህ ያለ ደስታን በአንድ ቅጽበት መያዝ እንደሚችል የገባው ያኔ ነው። በኋላም ተጽዕኖ ያደረገብኝ ፎቶ ይህ ብቻ ነው ይል ነበር።

በ1932 ላይካ ካሜራ ያዘ። ታዲያ የሚሮጡ ልጆች ፍለጋ ባሕር ዳርቻ ለባሕር ዳርቻ አልዞረም። ከሙንካቺ የወሰደው ቅጽበቷን ነው፤ ቅጽበቷን ያስቀመጠው ደግሞ ሎት ባስተማረው መስመር ውስጥ ነው። በዚያው ዓመት ኢዬር በተባለች ከተማ ከደረጃ ላይ ሆኖ ወደታች ያነሳውን ፎቶ ተመልከቱ። ደረጃውና የብረት አጥሩ ይጠማዘዛሉ፤ ከታች አንድ ብስክሌተኛ ሽው ብሎ ያልፋል። ብስክሌተኛው ባይኖር ደረጃ ብቻ ነው፤ ደረጃው ባይኖር ደግሞ ማንም ብስክሌተኛ ነው።

እኔ ልኮርጃት የሞከርኳት የሴን ላዛር ባቡር ጣቢያዋ ፎቶም የ1932 ናት። በአጥር ክፍተት አሾልኮ ነው ያነሳት። ሰውየው ውሃው ላይ ይዘላል፣ ጥላው ከሥሩ አለ፣ ከኋላ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ ደግሞ አንዲት ዳንሰኛ እንደሱው ትዘላለች። እኔ ጓደኛዬን ሳስዘልል ከጀርባው ምን እንዳለ እንኳ አላየሁም፤ ለካ የመጸዳጃ ቤቱ በር ነበር። ደግሞ ካርቲዬ ብሬሶን ፎቶ መቁረጥ የማይወድ ሰው ሆኖ ሳለ ይቺን ቆርጧታል፤ የአጥሩ ጣውላ ስለከለለው። ሕግ የሚባለውን እሱም አንዳንዴ ይጥሳል ማለት ነው።

በጦርነቱ ጊዜ ጀርመኖች ማረኩት፤ ሁለት ጊዜ ለማምለጥ ሞክሮ ተይዞ በሦስተኛው በ1943 ተሳካለት። በ1947 ከሮበርት ካፓና ከሌሎች ጋር ማግነም የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ካፓ ሱሪያሊስት የሚለው ስም እንዳይለጠፍበት፣ ይልቅ ፎቶ ጋዜጠኛ ነኝ እንዲል መከረው። ምክሩን ተቀበለ፤ ዓይኑን ግን አልቀየረም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 1948 ጋንዲን አግኝቶ ከተሰናበታቸው ብዙም ሳይቆይ ተገደሉ፤ የቀብራቸውን ፎቶዎች ያነሳው በዚያ ዓይን ነው።

ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ካሜራውን እምብዛም አይነካም ነበር። ሎት ዘንድ ወደጀመረው ወደ እርሳስና ወረቀት ተመለሰ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 3 ቀን 2004 በ95 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ በብዛት የሚሠራው ሥዕል ነበር።