የቻርለስ ባቤጅ የሕይወት ታሪክና የኮምፒዩተር ውስጣዊ አሠራር

ዛሬ ስለ ኮምፒዩተር ያልሰማ ተማሪ የለም ለማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን የምናውቀው ውጪውን፥ ማለት ስክሪኑንና ኪቦርዱን ነው እንጂ፥ በውስጡ ያሉት ክፍሎች ምን እንደሚሠሩና አሠራሩን አስቀድሞ ያሰበው ማን እንደ ሆነ አንጠይቅም። የኤሌክትሪክ መብራት በየቤቱ ባልነበረበት ዘመን ይህን አሠራር በነሐስና በብረት ጥርስ የነደፈ፥ ነገር ግን ተሠርቶ ሳያየው የሞተ አንድ ሰው ነበረ። እርሱም እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቻርለስ ባቤጅ ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

ባቤጅ በ1791 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር በሎንዶን ከተማ ተወለደ። አባቱ ባለጸጋ የባንክ ሰው ነበረ። ልጁ ገና በሕፃንነቱ ጽኑ ሕመም ስላገኘው ከከተማው ርቆ በዴቨን አውራጃ እንዲማር ተላከ። ከሁሉ ይበልጥ የሚወደው ትምህርት ሒሳብ ስለ ነበረ አልጀብራን በራሱ ጥረት አጠና። በ1810 ዓ.ም. ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በገባ ጊዜ በግሉ ያነበበው እዚያ ከሚሰጠው ትምህርት የሚበልጥ ሆኖ ስላገኘው፥ በ1812 ዓ.ም. ከጓደኞቹ ከጆን ኸርሸልና ከጆርጅ ፒኮክ ጋር አዲሱን የሒሳብ ትምህርት የሚያስፋፋ ማኅበር አቋቋመ። በ1814 ዓ.ም. ትምህርቱን ፈጽሞ ጆርጂያና ዊትሞር የምትባል ሴት አገባ።

በዚያ ዘመን መርከበኞች፥ መሬት ለኪዎችና የከዋክብት ተመራማሪዎች ሥራቸውን የሚሠሩት አስቀድሞ ተሰልቶ በታተመ የቁጥር ሠንጠረዥ ነበረ። ሠንጠረዡን ቁጭ ብለው የሚያሰሉት ሰዎች ሲሆኑ፥ በእንግሊዝኛ ኮምፒዩተር የሚለው ቃል በዚያ ጊዜ የእነዚህ ሰዎች የሥራ ስም ነበረ። ሰው ደግሞ ይደክማል፥ ይሳሳታል፤ በሠንጠረዡ ውስጥ አንዲት ቁጥር ብትሳሳት መርከብን ከዓለት ጋር ልታላትም ትችላለች። በ1821 ዓ.ም. ባቤጅና ኸርሸል እንዲህ ያለውን ሠንጠረዥ ሲያርሙ ስሕተቱ ስለ በዛባቸው፥ ባቤጅ ይህ ሥራ በእንፋሎት ኃይል ቢሠራ ምንኛ መልካም ነበረ ብሎ ተመኘ። ምኞቱም እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ አልለቀቀውም።

በመጀመሪያ ያሰበው መኪና በመደመር ብቻ የሚሠራ ነው። ምሳሌውን እንመልከት። 1፥ 4፥ 9፥ 16፥ 25 እያንዳንዱ ቁጥር በራሱ ሲባዛ የሚገኙ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 3፥ 5፥ 7፥ 9 ሲሆን፥ የእነዚህ ልዩነት ደግሞ ሁልጊዜ 2 ነው። እንግዲህ የሚቀጥለውን ለማግኘት ማባዛት አያስፈልግም። በ9 ላይ 2 ቢደመር 11፥ በ25 ላይ 11 ቢደመር 36 ይሆናል፤ ይህም 6 በ6 ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ባቤጅ ከ0 እስከ 9 የተጻፈባቸውን ባለ ጥርስ ጎማዎች አንዱን ባንዱ ላይ ደረደረ። አንዱ ጎማ ከ9 አልፎ ወደ 0 ሲመለስ ከላዩ ያለውን አንድ ጥርስ ይገፋዋል፤ እኛ ስንደምር ወደ አሥር ቤት እንደምናሻግረው ማለት ነው።

የእንግሊዝ መንግሥት በ1823 ዓ.ም. ለሥራው ገንዘብ ሰጠው። ይሁን እንጂ መኪናው ወደ 25,000 የሚጠጉ ክፍሎች የሚያስፈልጉት ስለ ነበረ ሥራው እጅግ ዘገየ። በ1827 ዓ.ም. አባቱ፥ ሚስቱና ሁለት ልጆቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ሞቱበት። ከኀዘኑ ተመልሶ ሥራውን ቢቀጥልም፥ በ1832 ዓ.ም. ከመኪናው ተሠርቶ የታየው ጥቂቱ ክፍል ብቻ ነበረ። በ1833 ዓ.ም. ደግሞ ከዋናው ሠራተኛ ከጆሴፍ ክሌመንት ጋር በገንዘብ ምክንያት ተጣልተው ሥራው ቆመ። መንግሥቱም ከ17,000 ፓውንድ በላይ ካወጣ በኋላ በ1842 ዓ.ም. ፈጽሞ እጁን አነሣ።

ነገር ግን ባቤጅ ከ1834 ዓ.ም. ጀምሮ ከፊተኛው እጅግ የሚበልጥ አሳብ ይዞ ነበረ። ይህ ሁለተኛው መኪና አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ የሚሠራ ሳይሆን የታዘዘውን ሁሉ የሚያሰላ ነው። ዋና ዋና ክፍሎቹን ወፍጮና ጎተራ ብንላቸው ከእርሱ አሰያየም ብዙ አንርቅም። በጎተራው ውስጥ እስከ 1,000 የሚደርሱ ቁጥሮች ይቀመጣሉ። ወፍጮው ከጎተራው የሚፈልገውን ያህል እየወሰደ ይደምራል፥ ይቀንሳል፥ ያባዛል፥ ያካፍላል፤ ውጤቱንም ወደ ጎተራው ይመልሳል። እናቶቻችን ከጎተራ እህል ቀንሰው እንደሚያስፈጩና ዱቄቱን መልሰው እንደሚያኖሩ ያለ ነው።

ወፍጮውን የሚያዝዘው ቀዳዳ ያለበት ካርድ ነው። ይህንንም ከፈረንሳዊው ከጃካር የሽመና መኪና ወሰደው። በዚያ መኪና በካርዱ ላይ ያለው ቀዳዳ የትኛው የድር ክር እንደሚነሣ ስለሚወስን፥ ካርዱ ሲለወጥ ጥለቱም ይለወጣል። ከዚህም በላይ የባቤጅ መኪና የውጤቱን ዓይነት አይቶ አንዱን ትእዛዝ ሊደግም ወይም ሊዘል ይችል ነበረ።

እንግዲህ የዛሬውን ኮምፒዩተር ከፍተን ብናይ ይኸው ሥርዓት ነው። ወፍጮው ፕሮሰሰር ይባላል፤ ጎተራው ራም ነው፤ በካርዱ ፋንታ ፕሮግራም አለ፤ ሁሉንም የሚያገናኘው በቀጫጭን የመዳብ መስመሮች የተሞላው ማዘርቦርድ ነው። ራም ቁጥሩን የሚይዘው ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ብቻ ስለ ሆነ፥ መብራት በድንገት ሲጠፋ ያላስቀመጥነው ጽሑፍ ይጠፋል፤ በሃርድ ዲስክ የተቀመጠው ግን አይጠፋም። ልዩነቱ፥ ባቤጅ በአሥር አሃዞች ሲቈጥር የዛሬው በ0 እና በ1 ብቻ መቊጠሩ፥ በጥርሱም ፈንታ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ የኤሌክትሪክ በር፥ ማለት ትራንዚስተር መኖሩ ነው።

የመኪናውን ጥቅም በሚገባ ያስተዋለች የባለቅኔው የባይሮን ልጅ አዳ ላቭሌስ ናት። በ1843 ዓ.ም. አንድ ኢጣሊያዊ ስለ መኪናው የጻፈውን ተርጕማ፥ ከዋናው ጽሑፍ የረዘመ ማብራሪያ ጨመረችበት። መኪናው ከቁጥር ሌላ ዜማን እንኳ ሊያቀናብር እንደሚችልም አመለከተች።

ባቤጅ ግን ሥራው ሳይፈጸምለት በ1871 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር በ79 ዓመቱ ሞተ። ይህ ዓመት የዋጉ ተወላጅ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ፥ አስቀድሞ ዋግሹም ጎበዜ ይባሉ የነበሩት፥ በዐድዋ አጠገብ ድል ሆነው ዘውዳቸውን ያጡበት ነው። ስለ ባቤጅ እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ ሁሉ የሌሎች አልነበረም። አንዱን ሳይፈጽም የተሻለ አሳብ ስላገኘ ፊተኛውን ይተው ነበረ፤ ከሰው ጋር ለመስማማትም ትዕግሥት አልነበረውም።

ሆኖም አንድ ታላቅ ነገር አድርጓል፤ አሳቡን ሁሉ በንድፍና በጽሑፍ አስቀምጧል። ከ1847 እስከ 1849 ዓ.ም. አሻሽሎ የነደፈውን የመደመሪያ መኪና የሎንዶን የሳይንስ ሙዚየም በንድፉ መሠረት ሠርቶ በ1991 ዓ.ም. ቢሞክረው በትክክል አሰላ። በሞተ ልክ በመቶ ዓመቱም፥ በ1971 ዓ.ም.፥ ኢንቴል የተባለው ኩባንያ ወፍጮውን በጥፍር በምታህል ቁራጭ ላይ 2,300 ትራንዚስተር አድርጎ ለገበያ አቀረበ።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ በዝቋላም ሆነ በሰቆጣ የምንማር ሁላችን፥ ዕቃው ስላልተሟላልን አሳባችን ከንቱ ነው አንበል። ባቤጅ የሚያስፈልገው ዕቃ በዘመኑ አልተሟላለትም ነበረ። የጀመርነውን ለመፈጸም እንትጋ፤ ልንፈጽመው ያልቻልነውንም ከእኛ በኋላ የሚመጣው እንዲፈጽመው ጽፈን እናኑርለት።