አርተር ራምቦና የጠመንጃው ፈቃድ

በሐረር ጀጎል ውስጥ የራምቦ ቤት እየተባለ የሚጎበኝ ባለ ፎቅ ቤት አለ። ቤቱ እርሱ ከሞተ በኋላ የተሠራ ነው ይባላልና ሰውየውን በዚያ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው፤ ይልቅስ በነጋዴ ሒሳብና በሚኒስቴር ደብዳቤ ውስጥ ይገኛል።

አርተር ራምቦ በ1847 ዓ.ም. በፈረንሣይ አገር በሻርልቪል ተወለደ። በወጣትነቱ ስመ ጥር ያደረገውን ግጥም ጽፎ፣ ዕድሜው ወደ 21 ዓመት ሲጠጋ ብዕሩን ጣለ። በ1873 ዓ.ም. የአንድ የኤደን ንግድ ቤት ወኪል ሆኖ ሐረር ገባ። ከተማዪቱ ያን ጊዜ በግብጾች እጅ ነበረች።

በ1878 ዓ.ም. ላባቱ ከሚባል ነጋዴ ጋር ተዋውሎ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ጠመንጃ ለማቅረብ ተነሣ። ጠመንጃው ካፕሱሉ ከውጭ የሚገጠምለት፣ በኤውሮፓ ከ40 ዓመት በፊት የተተወ አሮጌ ዓይነት ነበረ። በቤልጅክ አገር በሊዬዥ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ የሚገዛው በሸዋ 40 ፍራንክ ያህል ያወጣል ተብሎ ታሰበ። ነገር ግን ዕቃው ታጁራ ላይ ሳለ ፈረንሣይና እንግሊዝ ተስማምተው በዚያ ጠረፍ መሣሪያ እንዳያልፍ ከለከሉ። ሁለቱ ሸሪኮች ለፓሪስ አመልክተው ፈቃድ አገኙ፤ ላባቱ ግን ታምሞ ሞተ።

ራምቦ 2 ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል አስጭኖ በ1879 ዓ.ም. በጥር መጨረሻ አንኮበር ደረሰ። ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ከያዙ ገና አንድ ወር መሆኑ ነው። እንጦጦ ሲገናኙ ንጉሡ ዋጋውን ቀንሰው፣ የሟቹን ዕዳም አንሥተው፣ 10 ሺህ ጠገራ ብር የማይሞላውን ቀሪ በሐረር ደጃዝማች መኰንን እንዲከፍሉት አዘዙ። የሟች ሸሪክን ዕዳ መውረስ እንዲህ ነው! ከሐረር የተሰጠውን ሐዋላ ሊመነዝር ምጽዋ ሲወርድ ደግሞ ኢጣልያኖች ፓስፖርት የለህም ብለው ያዙት፤ የፈረንሣይ ቆንስል ጉዳዩን እስኪያጣራለት ድረስ ተቸገረ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አስደናቂ ሐሳብ አመጣ። በታኅሣሥ 1880 ዓ.ም. ለምኒልክ ጠመንጃና ጥይት በአገር ውስጥ የሚሠራበትን መሣሪያ በኦቦክ ጠረፍ እንዲያሳልፍ ለትውልድ ግዛቱ የምክር ቤት አባል ጻፈ። ሚኒስቴሩ መጀመሪያ እምቢ አለ፤ በሚያዝያ ፈቀደ፤ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ በግንቦት ፈቃዱን አገደ። ፋብሪካው በወረቀት ቀረ።

ራምቦም በሐረር የራሱን ንግድ ከፈተ። በ1883 ዓ.ም. ጉልበቱ አብጦ በቃሬዛ ወደ ዘይላ ተወሰደ። በማርሴይ እግሩ ተቈርጦ በኅዳር 1884 ዓ.ም. በ37 ዓመቱ ሞተ። የሆስፒታሉ መዝገብ ሥራውን ነጋዴ ብሎ ጻፈ።