ሻምበል አበበ ቢቂላና የልምምድ ፍሬ

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ኦሊምፒክ የማራቶንን ሩጫ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲፈጽም፣ ብዙዎች እንደ ተአምር ቈጠሩት። ድሉ ግን ድንገተኛ አልነበረም። በ1924 ዓ.ም. የተወለደው ይህ የክብር ዘበኛ ወታደር፣ በስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን መሪነት ርቀትንና ፍጥነትን ደረጃ በደረጃ ተለማምዶ ነበር። ከሮማ አስቀድሞ አዲስ አበባ ላይ የሮጠበት 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ እንኳ ከዛቶፔክ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የተሻለ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ ድሉን መድገሙ፣ በዓመታት የተገነባ ጽናት በአጭር ሕመም እንደማይፈርስ አስመሰከረ። በ1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ እግሮቹን ሽባ ሲያደርግበትም ልምምድን አልተወም፤ በ1962 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ተወዳደረ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።