የግሬስ ሆፐር ሕይወት

የጎንደር መጻሕፍት ትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ እንደሚለይ በመካከላችን የማያውቅ እጩ መምህር አይገኝም። ንባቡ አንድ፣ የሚፈቱት ቤቶች ሁለት። በኮምፒዩተርም ይህን የመሰለ ጣጣ ነበረና፣ ዛሬ የምናነሣቸው በዚሁ የደከሙትን አሜሪካዊት የሒሳብ መምህርት ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ግሬስ ሆፐር በ1906 ኒውዮርክ ተወለዱ። በልጅነታቸው ሰባት ባለ ደወል ሰዓት ፈታትተው ኖሮ፣ እናታቸው ከአንዱ በቀር እንዳይነኩ ከለከሏቸው። በ1934 ከዬል ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት አገኙ፤ ቫሳር ኮሌጅም አስተማሩ። በ1943 ባሕር ኃይል ገብተው፣ በማግስቱ ዓመት ሃርቫርድ ማርክ አንድ በተባለው ኮምፒዩተር ላይ ተመደቡ።

እዚያ የገጠማቸው የቁም ጸሐፊ ችግር ነው ብንል ያስኬዳል። የተሠራ የፕሮግራም ክፍል ካንዱ ደብተር ወደ ሌላው በእጅ ይገለበጣል፤ ገልባጩም ቁጥር ይዘላል፣ ያፋልሳል። ታዲያ መኪናው ራሱ ለምን አይሠራውም ብለው፣ በ1952 ኤ-ዜሮ የተባለውን ኮምፓይለር አበጁ። በቴፕ የተቀመጡትን ክፍሎች በመለያ ቁጥራቸው እየጠራ፣ አድራሻቸውን እያስተካከለ አንድ ፕሮግራም ያደርጋቸዋል።

ቀጥሎ ትእዛዙ በእንግሊዝኛ ቃላት የሚጻፈው ፍሎው-ማቲክ መጣ። ለአለቆቻቸው ሲያሳዩ ያንኑ ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛም አስኬዱት። አለቆቹ ደነገጡ! የአሜሪካ ኮምፒዩተር እንዴት የባዕድ ቋንቋ ይሰማል ተባለ፤ እንግሊዝኛ ብቻ እንደሚሆን ቃል ተገባላቸው። የተለወጠው እኮ የቃላቱ ሰንጠረዥ ብቻ ነበር። ፊደላችን የኮድ ቁጥር ካገኘ አማርኛም ያው ነው።

ዋናው ችግር ሌላ ነው። ወደ መኪና ቁጥር የተለወጠ ፕሮግራም ለዚያው ሞዴል ብቻ ያገለግላል፤ መሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ሲቀይር የዓመታት ድካም ይወድቃል። ምንጩ ጽሑፍ ከጠፋማ አበሳ ነው። በ1959 የኮቦል ቋንቋ ሲነደፍ ፍሎው-ማቲክ ዋና መነሻ ሆነ። በ1960 መጨረሻም አንዱ የኮቦል ፕሮግራም፣ ከጥቂት ማስተካከያ በቀር ሳይለወጥ፣ በዩኒቫክ 2ም በአርሲኤ 501ም ሠራ።

ነገር ግን የየፋብሪካው ኮቦል እየተለያየ አስቸገረ። ሆፐር በ1966 ጡረታ ወጥተው ሳለ በ1967 ለስድስት ወር ተብለው ተጠሩና ኮምፓይለሮችን የሚፈትኑ ፕሮግራሞች አዘጋጁ። መፈተን መቼም የመምህር ሥራ ነው። በመጨረሻ የተሰናበቱት በ1986፣ በ79 ዓመታቸው፣ በሪር አድሚራል ማዕረግ ነው።

ዛሬ ባይትኮድ የሚባለው መካከለኛ ኮድ ለየመኪናው አስፈጻሚ ስለሚዘጋጅለት ያንኑ ችግር ያቃልላል። ሆኖም የአስፈጻሚው ዕትም ሲቀየር አሮጌው ኮድ እምቢ ሊል ይችላል፤ ያኔ ወደ ምንጩ መመለስ ነው።

የትምህርት መርጃ መሣሪያቸው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽቦ ነበር፤ ኤሌክትሪክ በአንድ ቢሊዮንኛ ሴኮንድ ቢበዛ የሚሄደውን ርቀት ያሳያል። እየቆረጡ ለአድማጮቻቸው ያድሉት ነበር። በ1992 በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዕለት በ85 ዓመታቸው ዐረፉ።