ሳሙኤል ኢንሱል (1859–1938)፦ የግል ካፒታልና የኤሌክትሪክ መስፋፋት

መግቢያ

ኤሌክትሪክ ወዳልደረሰባቸው አካባቢዎች የግል ካፒታልን መሳብ እንዴት እንደሚቻል የሚደረገው ክርክር ብዙውን ጊዜ የዘመናችን ጥያቄ ተደርጎ ይወሰዳል። ይሁን እንጂ ይኸው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ተነሥቶ ነበር። ያን ጊዜ መልስ ለማግኘት ከጣሩት ሰዎች አንዱ ሳሙኤል ኢንሱል ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የእርሱን የሕይወት ታሪክ በመከተል የግል ገንዘብ በምን ሁኔታ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት እንደገባ፣ የት ላይ እንደቆመና የገንዘብ መዋቅሩ ለምን እንደፈረሰ መመርመር ነው። ዓመታቱ የተጠቀሱት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው።

ከለንደን እስከ ቺካጎ

ኢንሱል በ1859 ለንደን ውስጥ መጠነኛ ኑሮ ከነበረው ቤተሰብ ተወለደ። በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በቢሮ ተላላኪነት ተቀጠረ። ቆይቶም የቶማስ ኤዲሰን የለንደን ወኪል ጸሐፊ ሆነ። በ1881 ወደ ኒው ዮርክ ተሻግሮ የኤዲሰን የግል ጸሐፊ በመሆን የፈልሳፊውን የገንዘብ ጉዳይ ያስተዳድር ጀመር። በዚህ ሥራ ላይ ሳለ የኤሌክትሪክን መሠረታዊ ችግር በቅርብ ተመለከተ፤ የመጀመሪያዋ አምፖል ከመብራቷ በፊት ማመንጫው፣ ሽቦውና ማከፋፈያው ከፍተኛ ገንዘብ ይውጣሉ፤ ወጪው የሚመለሰው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

በ1892 የኤዲሰን ኩባንያ ከተፎካካሪው ጋር ተዋሕዶ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ሲመሠረት፣ ኢንሱል አዲሱን ድርጅት ትቶ የትንሹ የቺካጎ ኤዲሰን ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆነ። ከተማዋ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ቢኖራትም የኤሌክትሪክ መብራት ገና የሀብታሞችና የትልልቅ መደብሮች ቅንጦት ነበር።

ካፒታልን የሳቡ ሦስት መሠረቶች

ኢንሱል በቺካጎ የሠራው ሥራ በሦስት መሠረቶች ላይ የቆመ ነበር። የመጀመሪያው የፍጆታ ስብጥር ነው። ኤሌክትሪክ በብዛት ሊከማች ስለማይችል ማመንጫው የሚገነባው ለከፍተኛው የፍጆታ ሰዓት ነው፤ በቀሪው ሰዓት ግን መሣሪያው ሥራ ይፈታል፣ የብድሩ ወለድ ግን አይቆምም። ስለዚህ ኢንሱል ምሽት መብራት ከሚያበሩት መኖሪያ ቤቶች በተጨማሪ ቀን የሚሠሩ ፋብሪካዎችንና ጠዋትና ማታ ሰው የሚያጓጉዙ የከተማ ባቡሮችን በአንድ መረብ ላይ አሰባሰበ። በ1894 በእንግሊዝ አገር በብራይተን ከተማ ያየው ቆጣሪ ደግሞ የደንበኛውን ጠቅላላ ፍጆታ ብቻ ሳይሆን ከፍተኛውን የፍጆታ መጠንም ይለካ ስለነበር፣ ታሪፉን በእውነተኛው ወጪ ላይ ለመመሥረት አስቻለው። በ1903 በፊስክ ጎዳና የተከለው 5,000 ኪሎዋት ተርባይን ይህ ስብጥር ለትልቅ ማመንጫ በቂ ገበያ እንደሚፈጥር አረጋገጠ።

ሁለተኛው መሠረት ሕግ ነው። ኢንሱል በ1898 ለሙያ ባልደረቦቹ ባደረገው ንግግር የኤሌክትሪክ አገልግሎት በባሕርዩ በአንድ አካባቢ ለአንድ ድርጅት የተገባ መሆኑን፣ ዋጋውም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር መዋል እንዳለበት አሳሰበ። ብዙዎቹ አልተቀበሉትም። ስሌቱ ግን ግልጽ ነበር፤ ፈቃዱ በከተማ ምክር ቤት ፖለቲካ በየጊዜው የሚናወጥ ድርጅት በርካሽ ወለድ ሊበደር አይችልም። ኒው ዮርክና ዊስኮንሲን በ1907 ተቆጣጣሪ ኮሚሽኖችን አቋቋሙ፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉ።

ሦስተኛው መሠረት የዕዳው ዘመን ከንብረቱ ዕድሜ ጋር መጣጣሙ ነው። ማመንጫዎቹና መስመሮቹ የሚሠሩት በረጅም ጊዜ ቦንድ ሲሆን፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ አክሲዮን ለራሳቸው ለደንበኞቹ በስፋት ይሸጥ ጀመር።

ከከተማ ወደ ገጠር

በ1910 ገደማ ኢንሱል ይህንኑ ዘዴ ከቺካጎ በስተሰሜን በሚገኘው ሌክ ካውንቲ ሞከረው። የየከተማው ትንንሽ ማመንጫዎች ለየብቻቸው ውድና አስተማማኝነት የጎደላቸው ነበሩ። በመስመር ተያይዘው ከማዕከላዊ ማመንጫ ሲመገቡ ግን ወጪው ቀነሰ፣ አገልግሎቱም ሰፋ። በ1912 የመሠረተው ሚድል ዌስት ዩቲሊቲስ የተባለው እናት ኩባንያ ይህንን ልምድ ወደ ብዙ ግዛቶች አደረሰው። ብቻዋን ብድር ልታገኝ የማትችል ትንሽ ከተማ በትልቁ ድርጅት ስም የካፒታል ገበያ ተጠቃሚ ሆነች።

ሆኖም መስመሩ ከከተሞቹ ዳር እምብዛም አልራቀም። እርሻዎች ተራርቀው የሚገኙ በመሆናቸው በአንድ ኪሎ ሜትር መስመር ላይ የሚገኘው ገቢ የቦንዱን ወለድ አይሸፍንም ነበር። በ1930ዎቹ አጋማሽ ከአሥር የአሜሪካ እርሻዎች ዘጠኙ ገደማ ኤሌክትሪክ አልነበራቸውም።

ውድቀት

በ1928 ሳይረስ ኢተን የተባለ የክሊቭላንድ ባለሀብት የኢንሱልን ኩባንያዎች አክሲዮን እየገዛ መሆኑ ታወቀ። ኢንሱል የበላይነቱን ላለማጣት የኢንቨስትመንት ኩባንያዎችን በነባሮቹ ላይ ደረበ። በ1930 ደግሞ የኢተንን ድርሻ በ56 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ ለዚህም ከባንኮች ተበደረ፣ አክሲዮኖችን በመያዣነት ሰጠ። ለሠላሳ ዓመታት የጠበቀውን ሦስተኛውን መሠረት ያፈረሰው እዚህ ላይ ነው። ይህ ዕዳ አንዲት አምፖል አላበራም፤ መያዣውም በገበያው ዋጋ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። አክሲዮኖቹ ሲረክሱ ባንኮቹ ተጨማሪ መያዣ ጠየቁ፤ በ1932 የላይኞቹ ኩባንያዎች ከሰሩ፣ ኢንሱልም ሥልጣኑን ለቀቀ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ባለአክሲዮኖች፣ ከእነርሱም መካከል ብዙ ተራ ደንበኞችና ሠራተኞች፣ ቁጠባቸውን አጡ። ኮመንዌልዝ ኤዲሰንን የመሰሉት፣ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩትና የሚያከፋፍሉት ኩባንያዎች ግን ሥራቸውን ቀጠሉ።

ኢንሱል ወደ አውሮፓ ሄደ፤ በ1934 ከቱርክ ተይዞ ተመለሰና በሦስት የክስ ሂደቶች ነጻ ተባለ። በሐምሌ 1938 ፓሪስ ውስጥ በምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ በድንገት ሞተ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1935 የወጣው ሕግ የእናት ኩባንያዎችን መደራረብ ገድቦ ነበር። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደርም ለገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የረጅም ጊዜ ብድር በዝቅተኛ ወለድ እየሰጠ፣ የግል ካፒታል ያልደረሰባቸውን እርሻዎች ብርሃን አገኙ።

ማጠቃለያ

ከኢንሱል ሕይወት ሁለት ነጥቦችን ማውጣት ይቻላል። አንደኛ፣ የግል ገንዘብ ወደ ኤሌክትሪክ የመጣው በልመና ወይም በማባበል ሳይሆን ገቢን አስተማማኝ ባደረጉ የፍጆታ፣ የሕግና የብድር ሁኔታዎች ነው። ሁለተኛ፣ ሥርዓቱ ከሽቦው በላይ በተደረበ ዕዳ ፈረሰ፤ ፈርሶ ሳይታይ በፊትም ሕዝቡ ተበታትኖ በሰፈረበት ገጠር ቆሞ ነበር። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች 600 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ኤሌክትሪክ በማያገኝበት በዚህ ወቅት፣ የተገኘውን የግል ካፒታል መጠን ብቻ መቁጠር አይበቃም። ዕዳው በየትኛው የድርጅቱ ደረጃ ላይ እንደተጫነ፣ ወጪውን የማይመልሰውንም መስመር ማን እንደሚሸከም አብሮ መጠየቅ ይገባል።