ኤልያስ ሎንሮትና የካሌቫላ ልደት

ኤልያስ ሎንሮት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1802 በደቡብ ፊንላንድ፣ ሳማቲ በተባለች መንደር፣ ከአንድ ድሃ ልብስ ሰፊ ተወለደ። በተማሪነቱ ስንቅ ሲያጣ እንደ ቆሎ ተማሪ በየደጃፉ እየዘመረ ለምኗል። ፊንላንድ በ1809 ከስዊድን እጅ ወጥታ በሩሲያ ዛር ሥር ብትውልም የመሥሪያ ቤቱና የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ስዊድንኛ ነበረ፤ ፊንላንድኛ የገበሬ አፍ እንጂ የሥነ ጽሑፍ ቋንቋ ሆኖ አይቆጠርም ነበር።

በ1832 በሕክምና ሲመረቅ ጽሑፉን ያዘጋጀው ስለ ሕዝቡ የድግምት ሕክምና ነው። በማግሥቱ ዓመት ካያኒ በምትባል ሩቅ ከተማ ሐኪም ሆኖ ተመደበ። አገሩ ረኀብና ወረርሽኝ የበዛበት ነበርና እሱም ታሞ ለጥቂት ተረፈ። ከሥራው ፈቃድ ባገኘ ቁጥር ግን ድንበር ተሻግሮ በሩሲያ ግዛት ወዳለው የካሬሊያ ምድር ይዘልቅ ነበር።

በ1834 ላትቫያርቪ በተባለች መንደር አርሂፓ ፔርቱነን ከተባለ ገበሬ ቤት ደረሰ። ሦስት ቀን ያህል ገበሬው ሲያዜም ሐኪሙ ሲጽፍ ሰነበቱ። ፔርቱነን ግጥሞቹን የያዘው በልጅነቱ ነው፤ አባቱ ዓሣ ሊያጠምዱ በወጡበት፣ ሌሊት እሳት ዳር፣ ከጓደኛው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲያዜም እየሰማ። የገዛ ልጆቹ ግን እንደማይተኩት በሐዘን አጫወተው። እርግጥ ከልጆቹ አንዱ ሚይህካሊ ኋላ ስመ ጥር አቀንቃኝ ሆኗል፤ የአባትየው ሥጋት ግን ለአገሩ ሁሉ እውነት ነበረ።

ያው ባለ ስምንት ቀለም ስንኝ የጀግና ገድል ይተርካል፣ ሙሽራ ይሸኛል፣ የቁስል ደም እንዲቆምም ይደገምበታል። ዘርፉ የሚለየው በስንኙ ልክ ሳይሆን በሚባልበት ጊዜና ቦታ ነበር። ወረቀት ላይ ሲወርድ ግን መለየት ግድ ሆነ። ሎንሮት ገድሉን ለካሌቫላ ሰጠ፤ መጽሐፉ በ1835 በ32 ክፍልና በ12,078 ስንኞች ወጣ። የናፍቆቱንና የሐዘኑን ግጥም፣ አብዛኛው የሴቶች የነበረውን፣ ከ1840 ጀምሮ በታተመው ካንቴሌታር ሰበሰበው። በ1842 ከ7,000 በላይ ምሳሌያዊ አነጋገሮች፣ በ1844 እንቆቅልሾች፣ በ1880 ድግምቶች ተከተሉ።

ይሁንና ካሌቫላን ከዳር እስከ ዳር ያዜመ አቀንቃኝ ከቶ አልነበረም። ሕዝቡ የሚያውቀው ለየብቻ የቆሙ ትረካዎችን ነው። የኩለርቮ የመከራ ታሪክ እንኳ ከልዩ ልዩ ግጥሞች በሎንሮት እጅ የተቀጣጠለ ነው። ከራሱ የጨመረው ስንኝ ጥቂት ቢሆንም ቅደም ተከተሉ የእሱ ነው። ሰብሳቢ ብቻ ማለት ያሳንሰዋል፤ ደራሲ ብቻ ማለትም ፔርቱነንን መበደል ነው።

500 ቅጂ ብቻ የታተመው መጽሐፍ ተሸጦ እስኪያልቅ ዓመታት ፈጀ። በ1849 ወደ 22,795 ስንኞች አድጎ እንደገና ሲወጣ ፔርቱነን ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። በ1863 ፊንላንድኛ በ20 ዓመት ውስጥ ከስዊድንኛ እኩል እንዲሆን ታወጀ። በ1864 አሌክሲስ ኪቪ የኩለርቮን ታሪክ ተውኔት አደረገው። ሎንሮት በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የፊንላንድኛ ፕሮፌሰር ሆኖ ካገለገለ በኋላ ወደ ሳማቲ ተመልሶ ታላቁን የፊንላንድኛና ስዊድንኛ መዝገበ ቃላት በ1880 ፈጸመ። በዚያው በ1884 በ81 ዓመቱ ዐረፈ።