ሜግናድ ሳሃ፦ ከመንደር ሱቅ እስከ ጽንፈ ዓለም የአዮን ጋዝ ታሪክ

ሜግናድ ሳሃ እ.ኤ.አ. በ1893 በዳካ አቅራቢያ በምትገኝ ሴዎራታሊ በተባለች መንደር ተወለዱ። አባታቸው አነስተኛ ሱቅ የነበራቸው ነጋዴ በመሆናቸው ልጃቸውን ለማስተማር አቅም አልነበራቸውም፤ ትምህርታቸው የቀጠለው አንድ የአካባቢው ሐኪም በቤታቸው ስላኖሯቸው ነው። በ1905 የቤንጋልን መከፈል በመቃወማቸው ከትምህርት ቤት ተባረው የነጻ ትምህርት ዕድላቸውን ቢያጡም፣ በሌላ ትምህርት ቤት ቀጥለው ካልካታ ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ገቡ።

በካልካታ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሳሉ ስለ ጨረር ግፊት የጻፉትን ረጅም ጥናት ለአሜሪካው አስትሮፊዚካል ጆርናል ላኩ። መጽሔቱ የኅትመት ወጪ እንዲጋሩ ቢጠይቃቸውም ገንዘቡ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ጥናቱ ሥርጭቱ ውስን በሆነው በዩኒቨርሲቲያቸው መጽሔት ወጣ።

ስማቸውን ያስጠራው በ1920 ያሳተሙት የአዮን ቀመር ነው። ቀመሩ የአንድ ጋዝ ሙቀትና ግፊት ሲታወቅ ምን ያህሉ አቶሞች ኤሌክትሮን እንዳጡ ያሰላል። በሳሳ ጋዝ ውስጥ ነጻ የወጣ ኤሌክትሮን መልሶ የሚይዘውን አዮን በቀላሉ ስለማያገኝ፣ ግፊት ሲቀንስ የአዮን ድርሻ ይጨምራል። በፀሐይ ከባቢ የላይኛው ክፍል የካልሲየም አዮን ጎልቶ የሚታይበት ምክንያት በዚህ ተብራራ። ሲሲሊያ ፔይንም በ1925 በዚሁ ቀመር ተመርኩዘው ሃይድሮጂን በከዋክብት ውስጥ እጅግ የበዛ መሆኑን አሳዩ።

ቀመሩ ለጥንታዊው ጽንፈ ዓለምም ያገለግላል። ለእያንዳንዱ አቶም ከቢሊዮን በላይ የብርሃን ቅንጣቶች ስለነበሩ፣ ሃይድሮጂን ኤሌክትሮኑን አጽንቶ የያዘው ሙቀቱ ወደ 3,000 ኬልቪን ሲወርድ፣ ከታላቁ ፍንዳታ 380,000 ዓመት ገደማ በኋላ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ምዕራፍ ግን ከቀመሩ ወሰን ያልፋል። የሳሃ ስሌት ጋዙና ጨረሩ በሙቀት ሚዛን ላይ መሆናቸውን ታሳቢ ያደርጋል፤ የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት በቀዝቃዛው ጋዝ ውስጥ የፈጠሯቸው የአዮን ክልሎች ግን እንዲህ ዓይነት ሚዛን አልነበራቸውም። ቤንግት ስትሮምግሬን በ1939 እንዳሳዩት፣ የእንዲህ ያለ ክልል ስፋት የሚወሰነው ከኮከቡ በሚወጣው አልትራቫዮሌት ጨረርና በኤሌክትሮኖች ዳግም መያዝ መካከል ባለው ሚዛን ነው። እነዚያ ክልሎች እየሰፉና እየተጋጠሙ ሄደው፣ ጽንፈ ዓለም አንድ ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሲሞላው በጋላክሲዎች መካከል ያለው ሃይድሮጂን ከሞላ ጎደል ዳግም አዮን ሆነ።

ሳሃ በ1927 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አባል፣ በ1952 ደግሞ የሕንድ ፓርላማ አባል ሆነው ተመረጡ። እ.ኤ.አ. የካቲት 16 ቀን 1956 ዴልሂ ውስጥ በድንገት ዐረፉ። ሃይድሮጂን ኤሌክትሮኑን ከያዘበት ዘመን የተረፈው ብርሃን መገኘቱ የተበሠረው ከዚያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1965 ነው።